ከበረንዳው የመጣ ዋጋ

ለከተማችን ነዋሪ በሙሉ ይፋ ይሁን፦ ቅዳሜ ረፋድ በፓስኮ ቤት ደጃፍ በሚካሄደው የቤት ሐራጅ ላይ እንደ ልማዳችን የሚታደለው ቋሊማ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሽንኩርቱ ከቋሊማው ሥር ይነጠፍ ወይስ ከላይ ይበተን በሚለው ጉዳይ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቹ ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ ድምፅ ሰጥተው ከሥር እንዲሆን ወስነዋል። ውሳኔው ይግባኝ የለውም።

ቤቱ ይሸጥ ብሎ የወሰነ ግን አልነበረም። ይህን የሚያውቀው ኔቪል ትሬዊን ብቻ ነው።

ኔቪል የከሰሩ ኩባንያዎች ሒሳብ አጣሪ ነው፤ ክፍያውን የሚያገኘው ሸጦ ከሚሰበስበው ገንዘብ ነው። ሟቹ ክላሪ ፓስኮ የውሃ ፓምፕ የሚሸጥ ኩባንያ ነበረው፤ ቤቱንም ይኸው ኩባንያ ለሚስቱና ለልጆቹ በአደራ እንዲይዝላቸው አድርጎ ነበር። እንዲህ አድርግ ያለው የኩባንያው የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ የሒሳብ ሠራተኛ የመከረውን ማን እምቢ ይላል? ክላሪ ሞተ፤ ኩባንያውም ተከትሎት ከሰረ፤ ማጣራቱም ለኔቪል ተሰጠ። የአደራው ውል ደግሞ ኩባንያው በከሰረ ዕለት ባለአደራነቱ ያከትማል ይላል። ከዚያ ወዲያ ኔቪል ቤቱን ይጠብቃል እንጂ አይሸጥም፤ ልሽጥ ካለ ዳኛ ማስፈቀድ አለበት። ዳኛው የፓምፕ ዕዳ የአደራ ቤት ውስጥ ምን አገባው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ኔቪል ለዚህ መልስ ስላልነበረው ዳኛውን ዘለለው። የቤቱ ባለቤትነት መዝገብ ላይ የሰፈረው ዛሬም የኩባንያው ስም ነው፤ ማን ልብ ይላል?

ቤቱን ለገዢዎች ክፍት ባደረገበት ሰሞን ግን፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲሸኛቸው ሰዎቹ ያመሰግኑት ጀመር።

«ሽማግሌው እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው! የዝናብ ውሃ ታንከሩን ዞረው አሳዩን።»

«የትኛው ሽማግሌ?»

«ባለቤቱ ናቸዋ!»

ኔቪል ጓሮውን ዞረ። ታንከሩ አጠገብ ያለው ሣር ተረግጧል፤ ሰው የለም። ጎረቤት ይሆናል አለ። በማግስቱ ሌሎች መጡ፤ እነሱም አመሰገኑ። ከዚያ በኋላ ኔቪል ወደ ባዶዎቹ ክፍሎች «ይቅርታ» እያለ መግባት ጀመረ። ለማን እንደሚል ራሱን አልጠየቀም።

ቅዳሜ የክላሪን ሚስት፣ ሚስስ ፓስኮን፣ ማድ ቤት አገኛቸው።

«ዛሬ እንኳን ልጅዎ ጋ ቢውሉ አይሻልም?»

«ቤቴ ሲሸጥ ቋሊማውን እንኳ ሳልቀምስ? ደግሞ ልጄ ጋ ያለኝ አንድ ሶፋ ነው፤ ቤቱን ከሸጥከው ዕድሜ ልኬን እተኛበታለሁ።» ወደ እሱ ዞሩ። «ለመሆኑ ሻጩ ማነው፣ ኔቪል?»

«ኩባንያው ነዋ።»

«ሞቷል አላልከኝም?»

«በሕግ አነጋገር…»

«ክላሪም በሕግ አነጋገር ሞቷል። ጠዋት ጠዋት ግን ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል።» ይህን ያሉት ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ ሁሉ ነበር።

አጫራቹ ብሪን ሆስኪን ጀርባውን ለበረንዳው ሰጥቶ ሣሩ ላይ ቆመና ደንቡን አነበበ፦ ላይገዛ ዋጋ የሚጠራ ይቀጣል፤ ለሻጩ ብቻ ይፈቀዳል፤ ያም ሲጠራ «የሻጩ ዋጋ» ተብሎ በይፋ ይነገራል። ከሜልበርን የመጡ ባልና ሚስት ዋጋ ጠሩ፤ የከተማው ዳቦ ጋጋሪ ጨመረ። ባልየው እንደገና እጁን ሲያነሳ፣ ከበረንዳው በኩል አንድ ሻካራ ድምፅ፦

«አሥር ሺህ ጨምርበት።»

«በረንዳ ላይ ያሉት ጌታዬ ጨምረዋል!» አለ ሆስኪን ሳይዞር።

ሰዉ ፊቱ ወደ በረንዳው ነበር። በረንዳው ላይ ማንም የለም።

«ክላሪ ነው እንዴ?» አለ ቋሊማ የሚገለብጠው ሰውዬ። «ድሮም በየሐራጁ እየዞረ ላይገዛ ዋጋ ሲሰቅል ነው የኖረው።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ሆስኪን ዞር ብሎ አየ። ወደ ኔቪል ጠጋ አለ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ አፌን አልከፈትኩም።»

«ታዲያ ምን ልበል? የሻጩ ዋጋ ነው ልበል? ሻጩ ማነው?»

ኔቪል ወደ ሚስስ ፓስኮ አየ። ሴትዮዋ ቋሊማቸውን እንደያዙ፣ ባዶውን በረንዳ ትንሽ ተቆጥተው ያዩታል፤ ባል ሰው ፊት ሲያሳፍር እንደሚታየው።

ኔቪል የበረንዳውን ደረጃ ወጣ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የሚያናግረውን ሰው እንደሚያዳምጥ፣ ቆየ። አንዴ ራሱን ነቀነቀ። ወረደና የጨረታውን መዶሻ ከሆስኪን እጅ ወሰደ።

«ጨረታው ቆሟል።»

«አብደሃል? ገዢ እጅህ ገብቶ!»

«ሰኞ ዳኛ ፊት እቀርባለሁ። እስከዚያ ይህን ቤት የሚሸጥ ሰው የለም።»

«ዳኛው እምቢ ቢልህስ?»

«ሚስስ ፓስኮ እቤታቸው ይኖራሉ። እኔ ባዶ እጄን እገባለሁ።»

ሆስኪን ክንዱን ያዘው። «ምን አለህ? እዚያ ላይ ምን ሰማህ?»

«አልነግርህም።»

«ኔቪል!»

«አልነግርህም አልኩ።»