የመልአኩ ስም በቀይ

ሳምራዊት ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ስትከት እናቷ እህተማርያም በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ከሚኖሩበት ካሳራኒ ቤተ ክርስቲያኑ እስካለበት ኪሊማኒ ሁለት ማታቱ፣ ሁለት የሕዝብ ሚኒባስ፣ ነው፤ በሁለቱም ሌባ አይጠፋም።

"ፌስታል ውስጥ ክተቺው፤ ጎመን ይመስላል።"

"ሀኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ እማዬ! ጎመንም እኮ ይሰረቃል።"

ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ሳምራዊት ሦስት ወር የለፋችበት የፈተና ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው። ማድመቂያና ማቅለሚያ ያለውን ዝግጁ መጻፊያ ከኢንተርኔት አውርዳ እርማቱን በላዩ ገነባችበት። መምህሩ ጥያቄውን እንደ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ትክክለኛውን መልስ ቀይ ያደርጋል። ተማሪው ቀለሙን አያይም፤ ፕሮግራሙ ግን በዚያ ያርማል። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሲፈተኑበት ማዳም ዋንጂሩ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ባለቤት፣ መጥተው ያያሉ። ከወደዱት ይቀጥሯታል፤ ለመኖሪያ ፈቃዷ፣ ለፐርሚቷም፣ ደብዳቤ ይጽፉላታል። ፐርሚቷ የሚያልቀው አርብ ነው።

ጥያቄዎቹን የጻፈችው እህተማርያም ናት። መንገዱን ሙሉ "መብራት ቢጠፋስ?" ስትል ሄደች።

መብራቱ አልጠፋም። ሚዛን የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች፤ ጥያቄው ወጣላት። "ጎልያድን የገደለው ማን ነው? ሚካኤል፣ ዳዊት፣ ሳኦል።" ዳዊትን መረጠች።

"ስህተት" አለ ኮምፒውተሩ።

"ኧረ ዳዊት ነው! ይሄ ኮምፒውተር ትምህርት ቀርቷል እንዴ?"

ልጆቹ ሳቁ። ማዳም ዋንጂሩ ሰዓታቸውን አዩ።

ለእህተማርያም ስህተቱ ከየት እንደመጣ ገባት። በልጅነቷ ባነበበችው ድርሳን ሁሉ የመልአክ ስም በቀይ ነው፤ ሚካኤልን በጥቁር መጻፍ እጇ እምቢ ብሏት ነበር። ዳዊትንም መልስ ነው ብላ አቀላችው። ፕሮግራሙ የያዘው ግን መጀመሪያ ያገኘውን ቀይ ነው። ብትናገር በሰው ፊት ትዋረዳለች፤ ዝም ብትል ልጇ ሥራውንም ፐርሚቱንም ታጣለች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ። ገጹን አስከፍታ ቀዩን ስም አሳየቻቸው።

ማዳም ዋንጂሩ ወደ ሳምራዊት ዞሩ።

"የእኔም መምህራን ርዕስ በቀይ ነው የሚጽፉት። በቀለም አይሆንም። ሌላ ምልክት አድርጊና ሐሙስ ይዘሽው ነይ። ከሠራ ደብዳቤውን ያን ዕለት እፈርማለሁ።"

"ሰማሽ፣ እማዬ?" አለች ሳምራዊት ማታቱ ውስጥ። "ሐሙስ! እስከዚያ የምትሞክሪው አንቺ ነሽ። አንቺ ካላበላሸሽው ማንም አያበላሸውም።"

ከሐሙስ እስከ አርብ አንድ ቀን። እህተማርያም ቦርሳውን በነጠላዋ ሸፍና ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።