የአያ አረጋ ሸክላዎች

በድሩ ከደሴ የመጣው ዕቃ ሊገዛ ነበር። መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ባዶ ካርቶኖቹን ለሾፌሩ አደራ ብሎ፣ ሜትሩን በእጁ እንደያዘ ግቢ ሲገባ ድንኳን ጠበቀው። ወደ ኋላ ልመለስ ቢል ጊዜ አላገኘም። ሴቶቹ ከሩቅ የመጣ ዘመድ መስሏቸው ብድግ ብለው እሪ አሉ፤ አንዲት አሮጊትም አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ምን ያድርግ? ሜትሩን ኪሱ ከተተና አብሮ አለቀሰ። ወሎ ያደገ ሰው ነውና ለቅሶ ቤት ገብቶ «ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣሁት» እንደማይባል ያውቃል።

አስቀመጡት፤ ንፍሮ አቀረቡለት። የሟች ልጅ ሰብሌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ነበር። ሜትሩን አይታለች። ሜትር ይዞ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ደግሞ አታውቅም። ዞር ብላ ወንድሟን አዳምን አየችው፤ አዳም የጫማውን ጫፍ እያየ ነው። ነገሩ ገባት። ከአዲስ አበባ ሲመጣ እንባ ብቻ ሳይሆን ገዥም አዘጋጅቶ ኖሯል። ሥልስቱ ገና ትናንት ነው የወጣው።

ጓዳ ጠርታ ያዘችው።

«የአባትህ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ?»

«አንቺ እስከ መቼ አቧራ ስትጠርጊ ትኖሪያለሽ?» አለ አዳም። «ውጭ አገር ሸክላውን የሚጠብቁት ሰዎች አሉ። በወጉ ያስቀምጡታል። እዚህ ግን አይጥ ነው የሚበላው።»

«እኛ አልጠበቅነውም?»

«ግማሹ የኔ ነው፣ ሰብሌ።»

ይህስ እውነት ነበር። አባታቸው ትቶት የሄደው ላሊበላ ያለውን ይህን ቤትና ቤቱ ውስጥ ያለውን የዘፈን ሸክላ ነው። ሸክላው ሦስት ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ሞልቶ፣ አልፎ አልጋ ሥር ገብቶ፣ የአልጋውንም እግር አንስቶታል።

አረጋ ዕድሜውን የጨረሰው ከወልድያ በኩልመስክ አድርጎ ላሊበላ ጭነት ሲያመላልስ ነው። ካሴት መጥቶ ቡና ቤቱ ሁሉ ሸክላውን ወደ ዕቃ ቤት ሲወረውር፣ እሱ በየደረሰበት ጓሮ ጓሮውን እየዞረ ይለቅም ጀመር። መርሳ ላይ የተዘጋ ሆቴል አለ ከተባለ መንገድ ለቆ ይሄዳል። ሸክላውን ከጎኑ ወንበር ላይ ያስቀምጥና ረዳቱን ከስኳሩ ጆንያ ላይ ይሰቅለዋል። ረዳቱ ሲያኮርፍ፣ «አንተ ብትወድቅ ትነሳለህ» ይለው ነበር አሉ። ዐይኑ ሲደክምና መሪ ሲተው ግን ሀብቱ ምን እንደሆነ ታየ። እሑድ ከሰዓት መስኮቱን ይከፍታል፤ ከገነተ ማርያም ለገበያ የመጣው፣ ከነአኩቶ ለአብ ሲመለስ የደከመው፣ ሰርግ ያለበት፣ የተጣላ፣ ሁሉም መስኮቱ ሥር ቆሞ የወደደውን ይጠይቃል። አረጋ ሸክላውን በስሙ ይጠራል፤ ከግድግዳው መዝዛ የምታጫውተው ሰብሌ ናት። ፊደል ማንበብ ሲሳነው ዐይኑ እሷ ነበረች። ሸክላው ከወጣ ያ መስኮት ይዘጋል። እሷም እዚያ ቤት ውስጥ ምን ልትሆን እንደሆነ አታውቅም፤ ይህንን ለራሷም ደፍራ አልተናገረችውም።

አዳምም ያለ ምክንያት አልጨከነም። እናታቸው ምሥራቅ ስትሞት አረጋ ኮምቦልቻ አንድ ጆንያ ሸክላ ሲጭን ነበር። ሲደርስ ተቀብራለች። ያኔ ጎረምሳ የነበረው አዳም አባቱ ጆንያውን ተሸክሞ በበሩ ሲገባ ያየውን ዛሬም አልረሳም፤ ወዲያው አዲስ አበባ የገባውም ከዚያ ጆንያ ሽሽት ነው። ያላየው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አረጋ ሁለት ዓመት አንድ ሸክላ አልከፈተም። ማታ ማታ መሀላቸው ይቀመጥና አንድ በአንድ እያነሳ በጋቢው ጫፍ ይወለውላል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ሰብሌ ይህን ለወንድሟ በስልክ ልትነግረው ሞክራ ነበር፤ አልሰማትም።

ድንኳኑ ውስጥ በድሩ የመጣበትን ነገር ማውጣት ነበረበትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለአዳም ነገረው። ሸክላ በዐይን አይገዛም፤ ጭረቱ የሚታወቀው ሲሰማ ነው፤ ሦስት አራቱን እንኳ ቢያሰሙት። የቤተሰቡ የነፍስ አባት ቄስ ቢተው አጠገባቸው ነበሩና ሰሙ። በለቅሶ ቤት ዘፈን ሊከፈት? ዓመቱ ሳይወጣ ሬዲዮ እንኳ በማይነካበት ቤት? ቀስ ብለው ተቆጡ፤ የእሳቸው ቁጣ ቀስ ሲል ይከፋል። አዳም ተንኮል አላጣም። እንግዲያው ጭነን ከተማ ሆቴል ወስደን እናሰማዋለን፣ የሚመረጠው ተመርጦ እዚያው ይከፈላል አለ። ሾፌሩም ካርቶኖቹን ማውረድ ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው የኩልመስክ ሰዎች የደረሱት። የአረጋ የትውልድ አገር ሰዎች፣ አዝመራቸውን ጥለው በሁለት አይሱዙ ተጭነው። ከበሩ ጀምሮ ግቢው በጩኸት ተሞላ፤ የለቅሶው ክብ ተሠራ፤ አልቃሿ ገለቴ መሀል ገባች። የአገሩ ወግ ነውና የሟቹ ዕቃ ይውጣ ተባለ። ጠመንጃ የነበረው ጠመንጃው፣ ፈረስ የነበረው ፈረሱ ከነኮርቻው ይወጣል፤ ሰው ዕቃውን ከፍ አድርጎ ይዞ እያዞረ ያለቅሳል። የአረጋን ኮት ፍለጋ አንዲት ዘመድ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰብሌ ቀደመቻት። የሸክላውን ክፍል ከፈተችና እቅፍ ሙሉ ይዛ ወጣች።

«ልጄ፣ ይኸ እኮ ዘፈን ነው» አሉ ቄስ ቢተው።

«አባ፣ ዝም ያለ ነው። አንድም ድምፅ አላወጣሁም። የሌላው አባት ጠመንጃው ይወጣለታል። የኔ አባት ጠመንጃ አልነበረውም። የነበረው ይኸ ነው፤ ይውጣለት።»

ቄሱ መቋሚያቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ቀኛቸውን ዘረጉ፣ «አምጭ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ከክፍሉ አወጡ፤ ሸክላው ከእጅ ወደ እጅ እየሄደ ክቡን ሞላው። ገለቴ አንዱን ከራሷ በላይ አንስታ ሙሾ አወረደች፦

«አረጋ ባለ ሸክላ፣ አረጋ ባለ ዜማ፣
ሰው ቤትህን ሞላው አንተ ሳትሰማ።»

ጎረቤቶቹ ያወጡት ሸክላ እንግዳ አልሆነባቸውም። ጦርነቱ ወደ ከተማው የመጣ ጊዜ አረጋ ሸክላውን በየቤቱ አከፋፍሎት ነበር። አንዱ ጎተራ ውስጥ ጤፍ ሥር ቀበረው፤ ሌላው ጭድ ውስጥ፤ የራሳቸውን ልብስ ሳይደብቁ የሱን የደበቁ አሉ። ሰላም ሲሆን ሁሉም መለሱ። ጎረቤቷ አሰለች ብቻ አንዱን ሰብራ፣ ስብርባሪውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ እያለቀሰች ይዛ መጣች። አረጋ አልተቆጣም። ስብርባሪውን ወደ ወረቀት ልባሱ መልሶ መደርደሪያው ላይ ከደኅናዎቹ ጋር አስቀመጠው። አሁንም አሰለች ፈልጋ ያወጣችው እሱኑ ነው።

አዳም ክቡን ሰንጥቆ ሰብሌ ዘንድ ደረሰ።

«ሆን ብለሽ ነው። ሰው ፊት ልታዋርጂኝ።»

«አዎ፣ ሆን ብዬ ነው» አለች። ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ አልሞከረችም። «ግማሹ ያንተ ነው፤ አልካድኩህም። ያውልህ፣ ውሰድ። ግን ካርቶን ውስጥ አላሽግልህም። ከያዘው ሰው እጅ አንድ በአንድ እየነጠቅህ ውሰድ።»

አዳም እልኸኛ ነው፤ የአባቱ ልጅ አይደል። ዘወር ብሎ አጠገቡ ወደቆመችው እጁን ዘረጋ። አሰለች ነበረች።

«ሰባሪዋ እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለችው። «ይዤው ስመጣ አባትህ፣ 'እኔም ስንቱን ሰብሬያለሁ፤ ምሥራቅን ሳልቀብር የቀረሁ ሰው በምን አፌ እቆጣሻለሁ' ነው ያለኝ። ውሰደው እንግዲህ።»

ልባሱን እጁ ላይ አኖረችለት። ውስጡ ያለው ስባሪ ተንኳኳ። አዳም ሊመልስላት ፈለገ፤ እሷ ግን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ነበር። በዚያ ክብ ውስጥ የሟችን ዕቃ ይዞ የሚቆም ሰው ሥራው አንድ ብቻ ነው። አዳም እስከ ቀብሩ፣ ከቀብሩም በኋላ ያላወጣው ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ። «አባዬ» ብሎ ጮኸ። ገለቴም የአዳምን ስም ጠርታ ተቀበለችው።

በድሩ ካርቶኖቹን ራሱ መልሶ ጫነ። ሊሄድ ሲል ሰብሌን አስጠርቶ ተሰናበታት።

«አረጋ ሾፌሩ መሆኑን ብሰማ አልመጣም ነበር» አለ። «ደሴ ላይ ስንት ጊዜ ቀድሞኛል። ከለቅሶ ቤት አልገዛም። ዓመቱ ሲወጣ ግን እደውላለሁ፤ አልዋሽሽም፣ ፈላጊው ብዙ ነው።»

«ደውል» አለችው። «አነሳልሃለሁ። መልሴ ግን ያው ነው።»

የኩልመስክ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት ሸክላው ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እየተወለወለ ነው የተመለሰው፤ ማንም እንዲህ አድርጉ ሳይላቸው በነጠላ ጫፍ፣ በጋቢ ጫፍ፣ በእጅጌ። አዳም ስብርባሪውን ይዞ በመጨረሻ ገባ። ቦታውን አያውቀውም፤ ሰብሌ አሳየችው። ግማሹ የሱ መሆኑን ዳግመኛ አላነሳም፤ ተውኩትም አላለም።

መስኮቱ ተዘግቷል፤ በስንጥቁ የከሰዓት ፀሐይ ይገባል። ሰብሌ የማጫወቻውን ክዳን ከፈተች። አባቷ በመጨረሻ ያሰማው ሸክላ እንዳለ ተቀምጧል። መርፌውን አልነካችም፤ ማብሪያውንም። ሌባ ጣቷን ከሸክላው ዳር አስቀምጣ፣ ያለ ድምፅ፣ ቀስ ብላ አንድ ዙር አዞረችው።