በጋዜጣ የተለጠፈው መስኮት

አጥሚቱ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፣ ሰኞ ጠጣሁት ማክሰኞ እግሬ አበጠ፣ ሐሙስ ጠጣሁት ዓርብ ጠዋት ራሴ ድንጋይ የተጫነበት ያህል ከበደኝ፣ ስለዚህ አጥሚቱ ነው፣ ጠርሙሱ በካፖርቴ ቀኝ ኪስ ነው፣ ደብዳቤው በግራ፣ ቀኝ መርዝ፣ ግራ ደብዳቤ፣ እንዳይምታቱብኝ። አሥር እርምጃ። ቆም። ይህ የቸርችል ጎዳና ዳገት ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ ስወጣው ኖሬያለሁ፣ ማን አፈር ጨመረበት።

ረሻድ ሱቅ ደረስኩ፣ እዚህ መቆም አያስነውርም፣ ያየኝ ሁሉ ጨርቅ የምመርጥ ይመስለዋል፣ አቡጀዲውን እነካለሁ፣ ካኪውን እነካለሁ፣ ትንፋሼ እስኪመለስ። ረሻድ ከባንኮኒው ጀርባ ያየኛል። አባባ መርሻ፣ ይህን ካኪ ሲዳስሱት ከረሙ፣ አሁንማ እርስዎን ለምዶ ከሌላ ሰው ጋር አልሄድም አለኝ። ገበያተኞቹ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ሳቄ መሐል ላይ ሳል ይሆናል። ይሳቁ። ብርኽቲ ባለፈው እዚህ መጥታ ጨርቅ ገዝታለች፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር ምን ተባባሉ?

ብርኽቲ የልጄ ሚስት፣ አጥሚቱን የምትሠራልኝ። ደምመላሽ አሰብ ወደብ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ አባቴን አደራ ብሎ እኔ ዘንድ ተዋት፣ ይኸው ስምንት ወር፣ በስምንት ወር ውስጥ እኔ ይህን ሆንኩ። ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም፣ አቦይ ትለኛለች፣ ባገሯ አባቴ ማለት ነው፣ ይህ ራሱ አያጠራጥርም? ክፉ የማይናገር ሰው ክፉውን የት ያስቀምጠዋል።

ደግሞ መስኮቱ። ሚስቴን ተናኘወርቅን፣ ነፍሷን ይማርና፣ የገደላት መስኮት ነው፣ ልብስ አጥባ እንዳላባት መስኮት ከፍታ ተቀመጠች፣ ብርድ መታት፣ በዘጠነኛው ቀን ቀበርኳት። ከዚያ ወዲህ እኔ እጠነቀቃለሁ፣ ግድግዳ የሚለጠፍበትን የዱቄት ሙጫ በጥብጬ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጋዜጣ ደፍኛለሁ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ፣ የከሰል ማንደጃውን አስገብቼ፣ ጋቢዬን እስከ አናቴ ተከናንቤ ነው የምተኛው፣ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ዘንድ ብርድ በየት ይገባል? እሷ ግን ጠዋት ልትጠርግ ስትመጣ ወረቀቱን በጥፍሯ ትልጠዋለች፣ መስኮቱን ወለል። አቦይ፣ ቤቱ ታፍኗል። ይታፈን። እኔ እለጥፋለሁ፣ እሷ ትልጣለች። ተናኘወርቅ እንዴት እንደሞተች ባሏ ነግሯታል፣ ስለዚህ ታውቃለች፣ በአጥሚት አልሞት ካልኩ በነፋስ።

ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ሚስትህ እየገደለችኝ ነውና መጥተህ ውሰዳት፣ አለዚያ ልጄ አይደለህም። ቴምብሩ ተለጥፏል። የቀረው ማስረጃ ነው።

ሐድጉ ጡረታ የወጣ ድሬሰር ነው፣ ፒያሳ መርፌ የሚወጋበት አንድ ክፍል አለው፣ ደረጃው አምስት ነው፣ ሁለተኛው ላይ ተቀምጬ አረፍኩ፣ አሁን ፊቱ ነኝ። ጠርሙሱን አወጣለሁ። ይመርምሩልኝ። ምን አለበት ይለኛል፣ እሱን ነው የምጠይቅዎ እላለሁ። ቡሹን ይነቅላል፣ ያሸታል፣ ይጠጣዋል። ይጠጣዋል። ግማሹን። ማር ቢገባበት ይሻል ነበር፣ ይላል ጢሙን እየጠረገ፣ ማን ነው እንዲህ የሚሠራልዎት? ዓይን ዓይኑን አያለሁ፣ አይወድቅም፣ ላብ ላብ እንኳ አይለውም፣ ቀስ ብሎ የሚገድል ዓይነት ይሆናል፣ ወይም ያገሯ ሰው ነውና ማርከሻውን ያውቃል።

እግሬን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ የተጫነበት እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ይቀራል። ጥፍሬን ወደ ብርሃን ያዞራል፣ መቼ ነው እንዲህ የጠቆረው፣ እኔ አላየሁትም። እንዴት ነው የሚተኙት ይለኛል። እነግረዋለሁ፣ ሙጫውን፣ ጨርቁን፣ ከሰሉን፣ ጋቢውን፣ አንድም ሳላስቀር፣ ያመሰግነኛል ብዬ። 

አቶ መርሻ፣ የታመመው እግርዎ አይደለም፣ ትንፋሽዎ ነው። አፍንጫ ሌላ እግር ሌላ፣ ምን አገናኛቸው እለዋለሁ። አየር ሲያንስ ልብ ሥራው ይበዛበታል፣ ይደክማል፣ ሲደክም ውሃው ወደ እግር ይወርዳል፣ ራስ ይከብዳል፣ ሰው ቆሞ ያንቀላፋል፣ የሚያውቀው ይጠፋበታል፣ ሰው መጠርጠርም ይጀምራል። መጠርጠር? ይህን ማን ነገረው? በዚያ ላይ የከሰል ጢስ ሲጠጡ ያድራሉ፣ መርዝ ካሉ እሱ ነው፣ ከሰሉ ከዛሬ ጀምሮ ከቤት ይውጣ፣ ነገ ይምጡ፣ ሆስፒታል የሚወስዱት ወረቀት እጽፍልዎታለሁ። ከዚያ ጠርሙሱን ይመልስልኝና፣ ግን የሚገርመኝ፣ ይላል፣ እንዲህ ታፍነው እስከ ዛሬ እንዴት ቆዩ፣ ጠዋት ጠዋት ቤቱን ማን ነው የሚከፍትልዎት?

ጠርሙሱን ቀኝ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ቁልቁለቱ ትንፋሽ አይጠይቅም፣ ረሻድ ሱቅ አልቆምም፣ የፖስታው ሣጥን ጋ እቆማለሁ። ብርኽቲ የመጣችው መቼ ነው፣ የተናኘወርቅ አርባ በወጣ ሳምንት። መስኮቱን የለጠፍኩትስ? አርባዋ በወጣ ሳምንት። ሁለቱም ባንድ ሳምንት፣ እኔ አንዷን ብቻ ነው የቆጠርኩት። ደብዳቤው እስከ ወገቡ ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ ጣቶቼ ጫፉን ይዘዋል። ድሬሰሩ ያገሯ ልጅ ነው። ግን ጠጥቶታል። ደብዳቤ አንዴ ከገባ አይመለስም፣ ጠንቃቃ ሰው ለማይመለስ ነገር አይቸኩልም። አወጣዋለሁ። ግራ ኪስ።

ቤት። ዛሬ ጠዋት እሷ ከወጣች በኋላ መልሼ የለጠፍኩት ጋዜጣ እንዳለ ነው፣ ሙጫው ደርቋል። እሷ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች፣ የውሃው ድምፅ ይሰማኛል። ማንደጃውን በእግሬ ገፍቼ ደጅ አወጣዋለሁ። ለሙከራ ነው። ጥፍሬን ወረቀቱ ላይ አሳርፋለሁ፣ ተናኘወርቅ፣ አትቆጪኝ፣ ጣት የምታስገባ ብቻ፣ ቀደድኩ። ቀጭን ነፋስ ከንፈሬን ነካኝ፣ የሳሙናና የእርጥብ አፈር ሽታ አለው፣ አፌን ቀዳዳው ላይ ገጥሜ እስባለሁ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደረቴ ውስጥ የሆነ ቦታ፣ ረስቼው የነበረ ቦታ፣ እስከዚያ ይደርሳል።

የውሃው ድምፅ ቆመ። አየችኝ።

አቦይ፣ ልክፈትልዎት?

አትንኪው፣ ከዛሬ ጀምሮ የምልጠው እኔ ነኝ። ትስቅ ይሆናል፣ በዚህች ቀዳዳ ፊቷ አይታይም፣ የሚታየኝ አረፋ የነካው እጇ ብቻ ነው። እግሬን ነገ ጠዋት አየዋለሁ፣ ደብዳቤውም የትም አይሄድ። አጥሚት ላምጣልዎት ትለኛለች።

አምጪ፣ እላታለሁ፣ ማር ጨምሪበት። እዚሁ፣ እያየሁሽ።