ጥቅስ ከራሱ ይነበባል

ወደ ጉባኤያችን የመጣውን አዲሱን መምህር ገና ከመጀመሪያው አልወደድኩትም። ምክንያቴ መንፈሳዊ አይደለም፤ ሸሚዞቹን የምተኩሰው እኔ ስለሆንኩ ነው። ላውንደሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው የሰውን ጉድ ያያል። መምህሩ ኮሌታው ላይ ትንሽ እጥፋት ካገኘ ሸሚዙን መልሶ ይልከዋል፤ ያውም ፈገግ ብሎ፣ «እህቴ ሆይ» እያለ። አፉ ቅቤ ነው።

ሰው ግን ወደደው። ወንድሜ ብረት በያጅ ነው፤ ለማንም አንገቱን የማይደፋ ሰው ነበር። መምህሩ በመጣ በጥቂት ወራት ውስጥ አፉን ከፍቶ የሚያዳምጥ ሆነ። መጀመሪያ ትምህርቱ ስለ ጸሎት ነበር፤ ጸሎትን ማን ይጠላል? ቀጥሎ ክሩ መጣ። መምህሩ የጸለየበት ሰማያዊ ክር በቀኝ እጅ አንጓ ላይ ይታሰራል፤ ያላሰረ ሰው «ከቃል ኪዳኑ ውጭ ነው» ይባላል። ይህ የት እንደተጻፈ የጠየቀ አልነበረም። ቀድሞ ጉባኤያችን ጥቅስ ሲጠራ መጽሐፉን ገልጦ ይከታተል ነበር። አሁን «ገጽ ማገላበጥ መንፈስን ይረብሻል፤ ዝም ብላችሁ ስሙ» ተባለ፤ እኛም ዘግተን ሰማን። ወንድሜ ወዲያው አሰረ፤ እኔ ክሩን የካውያው እንፋሎት ያበላሽብኛል ብዬ አመካኘሁና ቀረሁ።

የወንድሜ ሚስት ግን ማመካኘት አትችልበትም። የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ ከእኔ ጋር ላውንደሪው ውስጥ ቆማ ትሠራለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። መምህሩ ክሩን ይዞ ቤታቸው ድረስ ሲመጣ ሁለት እጆቿን ሆዷ ሥር ሸሸገችና፣ «እኔ በደም የተገዛሁ ሰው ነኝ፤ በክር አልታሰርም» አለችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «የማታምነዋ» ሆነ። ዓርብ ዕለት ደግሞ የመምህሩ ፍርድ ወረደ። እሑድ ጠዋት ወንድሜ በጉባኤው ፊት ይቆማል፤ ከማያምን ስለ መለየት የሚናገረውን ጥቅስ በገዛ አፉ ያነባል፤ ከዚያም ከሚስቱ መለየቱን ያሳውቃል።

ቅዳሜ የብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያዝኩት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሏል።

«አብደሃል?» አልኩት።

«እትዬ፣ ተጽፏል እኮ።»

«የት?»

«መምህሩ ያውቃሉ።»

«አንተስ? እጅህ ተቆርጧል? ገልጠህ አታነብም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሳቸው የተማሩ ናቸው።» ዓይኑ ቀልቷል፤ ከብየዳው ይሁን ከልቅሶ መለየት አልቻልኩም። «ክር ካላሰረች እናት የሚወለድ ልጅ እርግማን ይዞ ይወለዳል ብለዋል። ልጄን ምን ላድርገው? ንገሪኛ!»

ያኔ ገባኝ። ወንድሜ ሚስቱን ጠልቶ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። የጠላ ሰው ቢሆን ትሟገተዋለህ፤ የፈራውን ግን ምን ትለዋለህ? በመምህሩ ደሜ እንደፈላ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እሑድ ጠዋት ላውንደሪው ውስጥ አገኘኋት። ልብሷን ሸክፋ ከቤት የወጣችበትን ሻንጣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር አስገብታ የመምህሩን ነጭ ሸሚዝ ዘርግታለች።

«ዛሬ እንኳ ተይው» አልኳት።

«ለከሰዓቱ ስብሰባ እፈልገዋለሁ ብሏል፤ ቀጠሮ ነው። ደግሞ እጄ ሥራ ካልያዘ እሞታለሁ፣ እትዬ።» ውሃ ረጨችበት። «አንቺ ሂጂና ስሚልኝ። ሲያነበው ድምፁ ተንቀጥቅጦ እንደሆነ ትነግሪኛለሽ።»

ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

አዳራሻችን ከጎማ መሸጫው ፎቅ ላይ ነው፤ የጎማው ሽታ ሁልጊዜ ከእኛ ጋር ይጸልያል። የዚያን ቀን መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሰው ሲዋረድ ለማየት ማን ይቀራል? መምህሩ ስለ ንጹሕ ቤት ብዙ ከተናገረ በኋላ ወንድሜን ጠራው፤ ምዕራፉንና ቁጥሩንም ነገረው።

«አንዷን ቁጥር ብቻ» አለ። «የማያምን ይለይ የምትለዋን።»

እዚህ ላይ ተሳሳተ። ሰውየው እኛ እንዴት እንዳደግን አያውቅም። አባታችን ልጆቹን በየማታው ያስነብብ ነበር፤ ከመሃል የጀመረ ልጅ ወደ ላይ ተመልሶ አንቀጹን እንደ አዲስ ይጀምረዋል። «ሰው ቤት በመስኮት አይገባም፤ ጥቅስም ከራሱ ይነበባል» ይለን ነበር። ወንድሜ በዚህ ስንት ጊዜ አልቅሷል! ጨዋታ እያማረው፣ እንቅልፉ እየመጣ፣ ከራሱ ጀምር ይባላል።

ወንድሜ የአባታችንን መጽሐፍ ገለጠ። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ጣቱ ወደ ላይ መውጣት ጀመረች። አስቦበት አይመስለኝም፤ ልማድ ነው የጎተተው። አንቀጹን ከራሱ ጀመረ።

«ታች ነው፣ ወንድሜ» አለ መምህሩ።

ወንድሜ እሺ እንደሚል ሰው ራሱን ነቀነቀና ማንበቡን ቀጠለ። ያላመነች ሚስት ስላለችው ወንድም የሚናገረው ዘንድ ደረሰ። አብራው ለመኖር ከፈቀደች፣ ይላል፣ «አይተዋት።»

እንደገና አነበበው፤ አሁን ለራሱ እንጂ ለእኛ አልነበረም። «አይተዋት።»

«ቁጥሯን ብቻ አልኩህ!» የመምህሩ ፈገግታ ጠፍቷል።

«ይጨርስ» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ ገጽ ሲገለጥ ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ ገጽ፣ ቀጥሎም ሌላ። አዳራሹ ያን ድምፅ ከሰማ ስንት ጊዜው!

ወንድሜ ወደ ታች ወረደ። ስለ ልጆች የሚናገረው ጋ ሲደርስ ድምፁ ከዳው። ልጆቹ ርኩሳን አይደሉም፣ የተቀደሱ ናቸው ይላል። በመጨረሻ የታዘዘው ቁጥር ላይ ደረሰና ቀና አለ።

«መምህር፣ ይህ እኮ የማያምነው ራሱ ቢለይ ነው የሚለው። እሷ የት ተለየች? እሷ ሸሚዝዎን እየተኮሰች ነው።»

መምህሩ ፊደል እንደሚገድል መናገር ጀመረ። ከፊት የተቀመጡት ግን ዓይናቸው መጽሐፉ ላይ ነበር። ወንድሜ አልጠበቀም፤ ወጣ። እኔም ተከትዬው ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

ላውንደሪው ስንደርስ ካውያውን አቆመችና አየችው። እሱ ክር ያለበትን እጁን ዘረጋላት። መቀሷን አንስታ ቆረጠችው። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«ከራሱ ጀምሬ አነበብኩት» አላት፤ እንባው ይወርዳል። «አይተዋት ይላል። ልጁም የተቀደሰ ነው ይላል።»

«ይላል፤ አውቀዋለሁ» አለች። መቀሱን ቦታው መለሰች። «ባይልስ ኖሮ?»

ወንድሜ በመመለስ ፈንታ ጎንበስ ብሎ ሻንጣውን ከጠረጴዛው ሥር ሊያወጣ ሲል በእግሯ ገፋ አድርጋ መለሰችው።

«እዚያው ይቆይ» አለችው በዚያ በለሰለሰ ድምፅዋ። «መልሱን ያገኘህ ቀን ትፈታዋለህ።»

ካውያውን አነሳችና የመምህሩን ኮሌታ መተኮስ ቀጠለች።