አረንጓዴ ናት አሉኝ

ነበረች አንዲት ክብ... አረንጓዴ፣ አተር የምታክል።

ነበረች በኮምፒውተሩ ጥግ፣ ነበረች በዶክተሩ መነጽር ላይም፤ በቀኙ አንዲት፣ በግራው አንዲት። ዓይኑን ፈለግኩ፣ አላገኘሁትም። ዓይን በሚኖርበት ቦታ አረንጓዴ በርቶ ነበር። ከፊቱ የተቀመጠችው እህቴ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ እጆቿን በጉልበቶቿ መሀል ቀብራ፣ ወለሉን ታያለች።

«እንኳን ደስ አላችሁ፤ ነጃት አረንጓዴ ናት» አለ ዶክተር ይትባረክ።

አረንጓዴ ናት አሉኝ... እኔ ሳያት ግን አመድ ናት።

ታናሼ ናት ነጃት። አስተማሪ ነበረች፣ የሦስተኛ ክፍል። ተጫዋች ነበረች፣ ተረበኛ ነበረች፣ የእኔን የሉባባን አረማመድ እያስመሰለች መንደሩን በሳቅ የምትገድል ነበረች። ከዚያ ዝም አለች። ማን በደለሽ? ማንም። ምን ጎደለሽ? ምንም። ቀስ እያለች... ከሥራ ቀረች፣ ከሰው ቀረች፣ ከማዕድ ቀረች። እኔ ቤት አምጥቼ አስተኛኋት፤ ተኝታም አትተኛም።

አንድ ማለዳ «እትዬ፣ መንቃት ሰለቸኝ» አለችኝ።

መንቃት! ያ ረቢ! ሰው ሥራ ይሰለቸዋል፣ ሰው ሰው ይሰለቸዋል... መንቃት ይሰለቻል? የዚያኑ ዕለት እጇን ይዤ ሆስፒታል ወሰድኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚህች ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነጃት በሕይወት እንድትቆይልኝ።

ዶክተር ይትባረክ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የልቤን ተሳድቤ እወጣ ነበር። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ከወንበሩ ተነስቶ በሁለት እጁ ይጨብጣል። ልቡ የጠፋው በአዲሱ ኮምፒውተር ነው።

«ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው» አለኝ፣ አዲስ ሙሽራ እንደሚያስተዋውቅ ሰው እየተሽኮረመመ። የስንት ሺህ ሕሙማን ካርድ ገብቶለታል አለኝ። ድባቴ የያዘው ሰው በየትኛው ኪኒን እንደሚሻለው ከካርዱ ተምሯል አለኝ። ድሮ አንዱን ኪኒን ሞክሮ፣ ጠብቆ፣ አልሆነም ብሎ ሌላውን ሞክሮ፣ ሕመምተኛው መሀል ላይ ያልቅ ነበር፤ አሁን ማሽኑ ቀድሞ ያውቃል። የሚሠራላት ከሆነ አረንጓዴ፣ የማይሠራላት ከሆነ ቀይ።

ለነጃት፣ በአንዲት ነጭ ኪኒን፣ አረንጓዴ በራ።

ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ወላሂ፣ ለማሽን ዱዓ አደረግኩ።

ዋጠች ነጯን ኪኒን። ዋጠች በማለዳ፣ ዋጠች በክረምት፣ ዋጠች እኔ እጄን ዘርግቼ ውኃውን እያቀበልኳት። ክረምቱ ወጣ... ነጃት አልወጣችም።

በየቀጠሮው እንሄዳለን። በየቀጠሮው እንቀመጣለን። በየቀጠሮው ዶክተሩ ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጦ ይጠይቃል።

«እንዴት ነሽ ነጃት?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ... አረንጓዴ።

አረንጓዴ ናት አሉኝ። ቤት ስንገባ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ ፍራሹ ላይ ተዘርራ ግድግዳ ታያለች።

«ዶክተር፣ እባክዎ፣ ይህቺ ልጅ አትበላም» አልኩት። «ዶክተር፣ አትታጠብም። ዶክተር፣ በሩን ከውስጥ ስትቆልፍ ልቤ ቀጥ ይላል። ይህ ኪኒን አልሆናትም፣ ይለውጡላት።»

«አይዞዎት እናቴ፣ እርስዎ ስለሚጨነቁ ነው» አለኝ። «የእሷ መረጃ በጣም ጥሩ ነው። እየተሻሻለች ነው። ከአረንጓዴ ኪኒን ላይ ማውጣት ጥፋት ይሆንብኛል።»

መረጃዋ ጥሩ ነው። ልጅቷ እያለቀች ነው፣ መረጃዋ ግን ጥሩ ነው። ኤዲያ!

ከዚያ አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ... የክፍሉ በር አይገጥምም፣ የውስጡ ሁሉ ይሰማል... ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

ገባ አንድ ሰውዬ፣ ጉንጩ ተሰርጉዶ፣ ልጁ ደግፎት። እንዴት ነህ? ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጠቅ፣ ጠቅ።

ገባች አንዲት ሙሽራ፣ ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጦ። እንዴት ነሽ? ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ጠቅ፣ ጠቅ።

ገባ አንድ ጎረምሳ፣ ለወንድሙ ኪኒን ሊወስድ። እሱስ እንዴት ነው? ደህና ነው፣ ይመስገን፣ ሥራ በዝቶበት ነው። ጠቅ፣ ጠቅ። የምን ሥራ! ወንድሙ ከአልጋ አልነሳ ካለ መቆየቱን አሁን አጠገቤ ተቀምጦ ሲያወራኝ ነበር።

እኛ እንዲህ ነን። ቤቱ ተቃጥሎ አመዱ ላይ የቆመውን ሰው እንዴት ነህ በሉት፤ ደህና ነኝ፣ ይመስገን ነው የሚላችሁ። ሰላምታ ነዋ! ምስጋናው የጌታ ነው፣ የሐኪም አይደለም። ሆድ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው... ቁጭ ተብሎ፣ ዝም ተባብሎ፣ «እሺ፣ በል እስቲ ንገረኝ» ሲባል ነው። ይህን የማያውቅ ያገራችን ሰው የለም። ዶክተሩም እናቱ ቤት ያውቀዋል። እዚህ ግን ወረፋው ረጅም ነው፣ የሰላምታው መልስ እንደ ምርመራ ይጻፋል፣ ቀጣይ ይባላል።

ተራችን ሲደርስ ነጃትን ውጭ አስቀምጬ ለብቻዬ ገባሁ።

«ዶክተር፣ ይህ ማሽን ሰው መዳኑን በምን አወቀ?»

«ከካርዱ ነዋ እናቴ። በየቀጠሮው ሐኪሙ የጻፈው አለ፤ ተሻሽሏል፣ አልተሻሻለም ተብሎ።»

«ሐኪሙስ ከማን ሰማ?»

«ከሕመምተኛው።» ፈገግ አለ።

«ሳይመለስ የቀረ ሕመምተኛስ?»

«የመጨረሻ ቀጠሮው ላይ የተጻፈው ይወሰዳል።»

ጀማል ትዝ አለኝ። የጎረቤቴ የዘምዘም ልጅ ጀማል፣ ነጯን ኪኒን ይወስድ የነበረው ጀማል። የመጨረሻ ቀጠሮው ላይ እናቱ አብራው ነበረች። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ ብሎ ወጣ። በሳምንቱ በገዛ እጁ ሄደ፣ አላህ ይማረው፤ እኛ ቀበርነው። ዘምዘም እስከ ዛሬ «ደህና ነኝ ብሎኝ ነበር እኮ» እያለች በር በሩን ታያለች።

ጀማልም አረንጓዴ ነው።

ይህን ለዶክተሩ ነገርኩት። ጣቶቹን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ... መልሶ አስቀመጠ። «አንድ ሁለት ስህተት አይጠፋም» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ወጣሁ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ደርሼ አስመለስኩ። አስጠላኝ ያ ክፍል፣ አስጠላኝ ያ ጠቅ ጠቅ፣ አስጠላችኝ ያቺ አረንጓዴ። ፈጣሪን ያመሰገንንበትን ቃል ከአፋችን ጠርገው ወስደው፣ ዘምዘምን ሳይጠይቁ የልጇን የመጨረሻ ቃል ወስደው፣ ለማሽን አብልተው... መልሰው ለእህቴ አቀረቡላት፤ ኪኒኑ ይሠራል፣ ይኸው ማስረጃው ብለው። እትፍ!

ቤት ገብተን ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ነጂዬ፣ ለምንድን ነው ደህና ነኝ የምትይው?»

ወደ ግድግዳው እንደዞረች፣ «ምን ልበል ታዲያ? አላህን ላማርር?» አለች።

«ለአላህማ ምስጋናው ይገባዋል፣ አንቀንስበትም። ዶክተሩ ግን አላህ አይደለም፤ ካልነገርሽው አያውቅም።»

«አፍራለሁ፣ እትዬ።»

እቅፍ አደረግኳት። አጥንቷ ወጋኝ። «አብሽሪ» አልኳት፣ «አብሽሪ የኔ እናት።»

ቀጠሮው ደረሰ። ገባን። ተቀመጥን። በሩ አልገጠመም። ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ነበሩ፣ አረንጓዴዋ መነጽሩ ላይ ነበረች።

«እንዴት ነሽ ነጃት?»

«አልሐምዱሊላህ...»

ጣቶቹ ወረዱ። ያ አላህ፣ ልቤም አብሮ ወረደ።

«...አልሐምዱሊላህ። ደህና ግን አይደለሁም።»

ጠቅታው ቆመ።

«መኖር አስጠልቶኛል» አለች፣ ወለሉን እያየች። «አንዳንዴ እትዬ ገበያ ስትወጣ... ስትመለስ በሕይወት እንዳታጣኝ እፈራለሁ። ለእሷ ስለማዝን ነው የቆየሁት።»

ዶክተር ይትባረክ ኮምፒውተሩን አየ። አረንጓዴ ነበር። ነጃትን አየ። መልሶ ኮምፒውተሩን አየ... አሁንም አረንጓዴ! ልጅቷ ለሞት ቀርቤያለሁ ስትለው፣ ያቺ አተር ቅንጣት አላመነታችም። መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑን በመዳፉ አሻሸ። ዓይኑ ቡናማ ነው፤ ያን ቀን አወቅኩ።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገራችሁኝም?» አለ።

አልነገራችሁኝም! ለምኜው፣ ቆሜ ለምኜው፣ ነጠላዬን ዘርግቼ ለምኜው! ምራቄ አፌ ውስጥ ሞላ። ዋጥኩት፤ ለእህቴ ስል ዋጥኩት።

አልጋ ያዘላት የዚያኑ ዕለት። ኪኒኗን ለወጠው። ለአዲሱ ኪኒን ማሽኑ ቀይ አበራ፤ ዶክተሩ ቀዩን አይቶ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ በእጁ ወረቀት ላይ ጻፈው። «ጊዜ ይወስዳል፣ ላይሠራም ይችላል፣ እያየን እንሄዳለን» አለኝ። ከዚያ ሰው አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው እውነት ይህ ነው።

ተኛች ነጃት በሴቶች ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል። ተኛሁ እኔ ከአልጋዋ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ እንደ አስታማሚዎቹ ሁሉ። ራሷን እንዳትጎዳ ብለው ምላጭ ቀምተው፣ ቀበቶ ቀምተው፣ ሻርፗን ሳይቀር ቀምተው አስገቡን። ጎኔ ደነዘዘ። አዲሱን ኪኒን ዋጠች። ሾርባ ሁለት ማንኪያ ቀመሰች፣ ሦስተኛውን መለሰች።

ከቀናት በኋላ፣ በማለዳ፣ ሲስተር ውብአለም ሕመምተኞቹን ልትዞር መጣች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ፈጣን ናት፣ ክፍሉ ሞልቶባታል። ታብሌቷን በክንዷ ታቅፋለች፤ የታብሌቱ ብርሃን አገጯ ሥር ይበራል። ፀጉሬን ሳልሰበስብ ከሲሚንቶው ላይ እየተነሳሁ ነበር።

«እንዴት አደሩ እትዬ ሉባባ? እህትዎ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።»

ከአፌ ወጣ። ከእኔው አፍ! ሳስበው አልነበረም፤ ሰላም ስትለኝ ሰላም ማለቴ ነበር። ጣቷ ግን ወርዷል። ታብሌቱ ላይ አረንጓዴ በራ... አገጯ አረንጓዴ ሆነ፣ ከንፈሯ አረንጓዴ ሆነ።

ምላሴን ተጠየፍኩት።

«አጥፊው!» ብዬ እጇን ያዝኩ።

«ምኑን?»

«ያልኩትን! ሰላም ነው እኮ ያልኩሽ እንጂ ድናለች አላልኩሽም! አጥፊው!»

«አንዴ ከገባ በእኔ አይጠፋም፣ እትዬ» አለች፣ ደንግጣ። «ነገ እናስተካክለዋለን።» ዓይኗ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄደ።

ነገ! የጀማልን ነገ የት ነው ያስተካከሉት? ቀሚሷን ይዤ ልጮህ አፌን ስከፍት...

«ሲስተር።»

ከብርድ ልብሱ ሥር ነው የመጣው። ማንም አልጠየቃትም፣ ማንም እንዴት ነሽ አላላትም። ነጃት በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች፤ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ከንፈሯ ደርቆ።

«ደህና አይደለሁም። ለነገ ካልኩት ድፍረቱን ላላገኘው እችላለሁ... እስቲ ቁጭ በይልኝ።»

ሲስተር ውብአለም የአልጋዎቹን መስመር አየች። ታብሌቱን አየች። ከዚያ በግንባሩ ደፋችው፤ አረንጓዴዋም ብርድ ልብሱ ውስጥ ተቀበረች። የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጇን ነጃት እግር ላይ አሳረፈች።

«እሺ» አለች። «ንገሪኝ።»