ምርቃት ያልከፈተችው ክዳን

ኑ ልጆቼ፣ አጠገቤ ቁጭ በሉና የጎረቤቴን የምርቃትን ነገር ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ሰፈራችን፣ ኢምባካሲ ነው። ሁዳዴ ሲገባ እነምርቃት ቤት እንቁላል አይበላም፤ ዶሮዎቿ ግን ጾም አያውቁምና ይጥላሉ። እሷም ሠላሳ እንቁላል መርጣ በኤሌክትሪክ መፈልፈያ ሣጥን ውስጥ አስገባች። በጫጩቶቹ እርባታ ልትጀምር ነበር ሐሳቧ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። ምርቃት በላስቲክ ጠርሙሶች ሙቅ ውሃ ሞልታ ሣጥኑን ከበበችው፤ የአየር ቀዳዳዎቹን ብቻ ትታ በባሏ ጋቢ ሸፈነችው።

«እስኪ ከፈት አድርገን እንያቸው» አለ ባሏ ባንታየሁ።

«ጋቢህ ናፈቀህ እንዴ? ከከፈትነው ሙቀቱም እርጥበቱም ይወጣል።»

«ሞተው ቢሆንስ?»

«ከሞቱ ማየታችን አያድናቸውም። በሕይወት ካሉ ግን ይጎዳቸዋል።»

አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ሽማግሌው እንኳ ልክፈተው ልክፈተው ብሎኝ ነበር። እሷ ግን ውሃውን እየቀያየረች፣ መብራቱ እስኪመለስ ድረስ ክዳኑን ሳትነካ ዋለች።

በሃያ አንደኛው ቀን ሃያ ሦስት ጫጩቶች ቅርፊታቸውን ሰብረው ይንጫጩ ጀመር። ባንታየሁም ከደስታው የተነሣ ጋቢውን ሳይጠይቅ ቀረ።

የሚሳሱለትን ነገር ሳይነኩ መጠበቅ ከባድ ነው፣ ልጆቼ። እጃችሁ ሲቸኩል ምርቃትን አስታውሱልኝ።