የኋላው ግድግዳ

ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ወጥ ቤት ነበረው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ግቢው በር አምስት ደቂቃ ያስኬዳል። የፊት ግድግዳው እንከን የለውም። የኋላው ግን ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ እስከ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ አለበት፤ ከላይ ፀጉር አያስገባም፣ ከታች የክብሪት እንጨት ይውጣል። ከስንጥቁ ግርጌ፣ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ፣ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቷል።

ይህን ልብ ያለችው ገዢዋ ናት። የላቦራቶሪ ባለሙያ ስትሆን ቀን ሆስፒታል ትውላለች፤ በሳምንት ሦስት ሌሊት ደግሞ አንድ የግል ክሊኒክ ተረኛ ናት። በስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ገንዘብ ለአንድ ቤት ብቻ ይበቃል። ቤቱ ደህና ከሆነ ኪራዩ ከሌሊቱ ሥራ ያሳርፋታል። ከተሳሳተች ስድስቱን ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው።

ደላላውን ሰፈሩ «ነፋሱ» ይለዋል፤ ሲራመድም ሲያወራም አይያዝም። ሌላ ገዢ ነገ ይመጣል እያለ ሲያስቸኩላት ሰንብቷል። አክስቷ ግን ሦስት ቤት የሚያከራዩ ሴት ስለሆኑ የደላላ «ነገ» አያስደነግጣቸውም። «እሱ ሲሮጥ አንቺ ቁጭ በይ» አሏት።

እሷ ወጥ ቤቱ ጠበበኝ፣ መስኮቱ ፀሐይ አያስገባም ስትል አክስቷ ሳቁባት። የምትኖሪበት አንቺ አይደለሽም፤ ተከራይ የሚጠይቀው ውሃውን፣ መንገዱንና የግቢውን ቁልፍ ነው አሏት። ኪራዩን በአሥራ ሁለት ወር ስታባዛም አስቆሟት። ዓመቱን አሥር ወር አድርጊው፣ ሁለቱን ባዶ ቤትና የተበላሸ ቧንቧ ይበሉታል አሉ። የቤቱ ማስረጃ በሻጩ ስም መሆኑን፣ ባንክም እንዳላገደው ራሷ ሄዳ አረጋገጠች። የቀረው ግድግዳው ነበር።

ሻጩ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። እሳቸውን አስፈቅዳ፣ በሥራዋ ደም ከምትቀባባቸው ቀጫጭን መስታወቶች ሦስቱን በስንጥቁ ላይ አጋድማ በኃይለኛ ሙጫ ለጠፈች፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን መሃል፣ አንዱን ከታች። መስታወት አይለጠጥም፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል።

ነፋሱ እጁን አጣምሮ ሲያያት ቆየ።

«እህቴ፣ ቤቱን ልትገዢው ነው ወይስ ሆስፒታል ልታስተኚው?»

«ውጤቱ ሲመጣ እነግርሃለሁ» አለችው። ሾፌሩ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከባድ ዝናብ የጣለ ለት ማባራቱን ሳትጠብቅ ከአክስቷ ጋር ጃንጥላ ይዘው ሄዱ። የላይኛውና የመሃሉ መስታወት እንዳሉ ናቸው። የታችኛው ለሁለት ተሰብሯል።

እሷ ወደ ጓሮ ዞረች። ጣሪያው አሸንዳ የለውም፤ ውሃው በቀጥታ ግድግዳው ሥር ይወርዳል፣ መሬቱም ወደ ቤቱ ስላዘነበለ እዚያው ይተኛል። ሕመሙ ከላይ አይደለም፣ እግሩ ሥር ነው። ተከትለዋት የወጡት ሾፌር፣ ቀለሙን የቀቡት እርጥበቱ እንዳይታይባቸው መሆኑን ተናገሩ።

ያን ጊዜ ለመሳሳት ተቃረበች። መስታወቱን እንደገና ለጥፋ አንድ ክረምት ልትጠብቅ አሰበች፤ በሙያዋ አንድ ውጤት አይታመንምና መድገም ግዴታ ነው። ለአክስቷ ይህንኑ ነገረቻቸው።

«የኔ ልጅ» አሉ አክስቷ ከጃንጥላው ሥር፣ «በሽታውን አገኘሽው፣ መድኃኒቱንም ታውቂዋለሽ። ከዚህ ወዲያ የምትመረምሪው የራስሽን ፍርሃት ነው።»

በማግስቱ ግንበኛ አምጥታ አሸንዳውን፣ የውሃ መውረጃውንና የመሠረቱን ጥገና አስገመተች። ግምቱ ላይ ግማሹን ጨመረችበት፤ የቤት ጥገና በተባለለት ዋጋ አልቆ አያውቅም። ያን ያህል ከዋጋው እንዲቀነስላት ሾፌሩን ጠየቀች። ነፋሱ አፉን ሊከፍት ሲል ሰውየው ቀደሙት።

«ተው አንተ። ልጅቷ ቤቴን ከኔ በላይ አውቃዋለች።»

ተስማሙ። ካጠራቀመችውም ጥቂት ሳትነካ አስቀረች፤ ኪሱን አራግፎ ቤት የገዛ ሰው የመጀመሪያው ቧንቧ ሲፈነዳ ቤቱን ያስይዛል ብለዋት ነበርና አክስቷ። አሸንዳው ተሰቀለ፣ መሬቱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ተደለደለ፣ መሠረቱ ተጠገነ። አንድ ወጣት የአውቶቡስ ሾፌር ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር ተከራይቶ ገባበት። ወጥ ቤቱ ጠበበ ያለ አልነበረም።

ዓመቱ ሲሞላ ቤቱ ባዶ የዋለው በድምሩ አምስት ሳምንት ነው። ግብሩና ጥገናው ተቀንሶ የተረፈው ኪራይ ከሦስቱ የሌሊት ተራ የሁለቱን ክፍያ ተካ፤ ክሊኒክ የምትገባው አሁን በሳምንት አንድ ሌሊት ነው።